ስለ ቡና ትኩስነት

ኒሯቅ ቡና የማይበቅልባት አገር ስለ ሆነች ፍሬው ከሩቅ ተጭኖ ይመጣታል፡፡ ስለዚህ የቤት እመቤት ገንዘቧን የምታወጣበትን ቡና መርምራ መግዛት ይገባታል፡፡ እኛ ይህን ሳናስብ ከሰቆጣ ተፈጭቶ የታሸገ ቡና ገዝተን በገባን ጊዜ፣ እንግዶቻችን አቦሉን ቀምሰው ቶናውን ሳይጠብቁ ተነሡ፤ እጅግም ዐፈርን፡፡

ጥሬ ቡና በደረቅ ስፍራ ቢቀመጥ ብዙ ወራት ይቈያል፡፡ በተቈላ ጊዜ ግን መዓዛና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ በፍሬው ውስጥ ይፈጠራሉ፤ ሁለቱም ቀስ በቀስ ይወጣሉ፡፡ ያልተፈጨው ጥቂት ሳምንት ሲታገሥ፣ የተፈጨው በሰዓታት ውስጥ ይደክማል፡፡ እናቶቻችን በየጊዜው ቈልተው መውቀጣቸው ለወግ ብቻ አይደለም፡፡

አዲስ አበባ ወርደን የምንጠጣው ኤስፕሬሶ ግን ሌላ ጠባይ አለው፡፡ የሚላኑ አኪሌ ጋጂያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ባወጣው መኪና፣ ሙቅ ውሃ በብርቱ ግፊት በቡናው ውስጥ ያልፋል፤ በስኒው ላይ የሚታየውን ወርቅማ አረፋ የሚያስነሣው ያው ጋዝ ነው፡፡ ቡናው ካረጀ አረፋው ሳስቶ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ጣዕሙም ይፈዛል፡፡ ዛሬ የተቈላውም ቢሆን ጋዙ በዝቶ ውሃውን ስለሚያውከው ወደ መኮምጠጥ ያደላል፤ ባለሙያዎች ዐምስት፣ ዐሥር ቀን ያህል የሚያሳርፉት ስለዚህ ነው፡፡ በጀበና ሲፈላ ግን ጋዙ በእንፋሎቱ ስለሚወጣ መጠበቅ አያሻም፡፡

ከዚያ ወዲህ ከሰቆጣ የምንገዛው ጥሬውን ነው፡፡ ልጃችን ከአዲስ አበባ የተቈላ ቡና ሲልክልንም በጠርሙስ አጥብቀን ከድነን፣ ለዕለቱ የሚበቃንን ብቻ እንወቅጣለን፡፡