የአባቴ ሰርዶ

ሲሪንቃ ላይ ስለ ግቢ ሳር የሚያወራ ሰው ሳያስቅ አይቀርም። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የእኛ ሲሪንቃ ስሟ የሚነሳው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፤ ሰዉ የሚጠይቀው ስለ ማሽላ ዝርያ፣ ስለ ጤፍና ስለ አቀንጭራ ነው። ሳር የከብት ነው። አባቴ ግን ጡረታ እንደወጡ ከወንዝ ዳር ሰርዶ ነቅለው አምጥተው ግቢያችን ውስጥ ተከሉ። "አህያ 'እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል' ብላለች፤ እኔ ግን ብሞትም ይብቀል፤ የልጅ ልጆቼ ይንከባለሉበት" ይሉ ነበር።

ያረፉት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የለቅሶው ድንኳን እዚያው ሳሩ ላይ ተተከለ። ለቀስተኛው ለቀናት ገባ ወጣ አለ፤ አግዳሚው፣ የውሃው በርሜል፣ ሁሉም እዚያ ላይ ዋለ አደረ። በሙት ዓመታቸውም እንዲሁ ሆነ። ድንኳኑ ሲነሳ መሬቱ እንደ አውድማ ተደልድሎ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ አልሰርግ ብሎ ላዩ ላይ ተኛ፤ ሳሩ ቢጫ ሆነ፤ መሃሉም ተመለጠ። እናቴ ልጆቹን ማባረር ጀመረች። "የአያታችሁን ሳር አትርገጡ!" የሰባት ዓመት ልጄ ታዲያ "ለእኛ አይደል እንዴ የተከሉት?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አባሰው። ጥር ላይ ለጥምቀት ሄጄ ዩሪያ በተንኩበት። ደረቅና የጠጠረ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ የቀረውንም ሳር አቃጠለው።

የሳሩ ችግር ረሃብ ሳይሆን መታፈን ነበር። ሥር እንደ እኛው አየር ይፈልጋል፤ አየሩም ውሃውም የሚገቡት በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ተደጋግሞ ሲረገጥ ክፍተቱ ይዘጋል። የእኛ ግቢ አፈር ደግሞ ዋልካ ነው፤ እርጥብ ሳለ የተረገጠ ዋልካ ሲደርቅ ሸክላ ነው። የእናንተን ግቢ ለመመርመር ካቻቢቴ ይበቃል። እርጥበት ባለው መሬት ላይ በእጃችሁ ግፉት፤ አልገባም ካለ ሥሩም አልገባለትም ማለት ነው።

ወልድያ ወርጄ አንድ ብየዳ ቤት መሣሪያ አሠራሁ። ጫፋቸው የተሳለ አራት የግማሽ ኢንች ቧንቧ ቁራጮች በእግር በሚረገጥ ብረት ላይ ተበይደው ረጅም እጀታ ተደረገላቸው። ብየዳው "ይህ ደግሞ ለምን?" ብሎ ሳቀ። ቧንቧ የመረጥሁት አፈሩን ቆርጦ ስለሚያወጣ ነው፤ ድፍን ብረት አፈሩን ወደ ጎን እየገፋ የቀዳዳውን ግድግዳ መልሶ ያጠጥረዋል። ጥልቀቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ስልክ ላይ የሚታዩት የፈረንጅ ትምህርቶች ብዙውን ጊዜ መከር ላይ ሥሩ ይላሉ። ለእነሱ ሳር ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ግን መከር ማለት ዝናቡ ሊቆም ነው፤ የቆሰለ ሳር ደረቁን ወራት እንዴት ይችላል? ሰርዶ ሙቀትና እርጥበት አግኝቶ በሚያድግበት ሰሞን ነው ቁስሉን ፈጥኖ የሚሽረው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ዝናብ እስኪጥል ጠበቅሁ። አፈሩ እጅ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ግን አትንኩት።

ቀዳዳው ከመቀደዱ በፊት ማበጠሪያው ይቀድማል። አረንጓዴውን ገለጥ ስታደርጉ ከሥሩ ገለባ የመሰለ የሞተ ግንድና ሥር ተነባብሮ ታያላችሁ። ስስ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እርጥበት ይይዛል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ ግን ዝናቡን ራሱ ጠጥቶ ለአፈሩ አያደርስም። በብረት ጥርስ መቧጠጫ ሳብሁት። ሦስት ማዳበሪያ ከረጢት ሞላ። ግቢው የተላጨ ራስ መሰለ።

እናቴ ቡናዋን ትታ ተነሳች። "ምን ነካህ ልጄ! አባትህ በእጃቸው የተከሉትን?" ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ አላናገረችኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ቀዳዳዎቹን በወንዝ አሸዋና በተነፋ የቆየ ፍግ ሞላሁና በመጥረጊያ አዳርሼ ወጣሁ።

በነሐሴ መጨረሻ ስመለስ ሰርዶው ከዳር ወደ መሃል ክንዱን እየዘረጋ ነበር። መሃሉ ላይ አንድ የመሶብ ስፋት ያህል ራቁቱን ቀርቶ ስለነበር ከዳር ቆርጬ ተከልሁበት። አሁን ልጆቹ ይጫወታሉ፤ የሚከለከሉት ዝናብ ጥሎ ዋልካው ሲላቁጥ ብቻ ነው። ዘበኛዋ እናቴ ናት። ጎረቤት ለሰርግ ግቢውን ሲጠይቃትም ድንኳኑን በጓሮ በኩል አስተከለችው።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ስለ ጤናዬም ስለ ልጆቹም ሳትጠይቅ፣ "ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ" አለችኝ።