ተጨማሪ መረጃ፦ «ስቶን» የሚለው ቃል

«ስቶን» በእንግሊዝኛ ድንጋይ ማለት ነው። ጥንታዊው እንግሊዝኛ «ስታን» ይለው ነበር፤ ከጀርመንኛው «ሽታይን» እና ከስዊድንኛው «ስቴን» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የድሮው አጠራር ስታንሊ በሚለው ስም ውስጥ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ ትርጉሙም ድንጋያማ ገላጣ ቦታ ማለት ነው። «ሮክ» ግን ከፈረንሳይኛ የገባ ቃል ሲሆን፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ስለ አለት ሲናገሩ የሚመርጡት እሱን ነው።

ከትርጉሞቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው የክብደት መለኪያነቱ ነው። በድሮው የእንግሊዝ ገበያ ነጋዴዎች ዕቃ የሚመዝኑት በሚዛኑ አንድ ጎን ድንጋይ አስቀምጠው ነበር። ድንጋዩ ግን እንደ አገሩና እንደ ሸቀጡ ይለያይ ነበር፤ የለንደን ሥጋ ሻጮች «ስቶን» 8 ፓውንድ ብቻ ነበር። በ1835 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ መጠኑን 14 ፓውንድ፣ ማለትም 6.35 ኪሎ ግራም ገደማ አድርጎ ወሰነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ ከንግድ መለኪያነት ቢያስወጣውም፣ ብዙ ብሪታንያውያንና አየርላንዳውያን የሰውነት ክብደታቸውን ዛሬም የሚናገሩት በዚሁ ነው። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሰው «11 ስቶን ነኝ» ይላል። ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ቢበዛም በዚህ አጠቃቀም ቃሉ ላይ የብዙ ቁጥር ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አይጨመርም።

በኮክ መካከል ያለው ጠንካራ ፍሬም በብሪታንያ «ስቶን» ይባላል። የኩላሊት ጠጠርና በቀለበት ላይ ያለ ፈርጥም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው።