ከሱስ ሕክምና በኋላ ወዴት? ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ቤቶች

ከአልኮል ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለመላቀቅ ሕክምናውን ያጠናቀቀን ሰው ከባዱ ፈተና የሚጠብቀው ከማዕከሉ ከወጣ በኋላ ነው። የቀድሞ ሰፈሩና የመጠጥ ጓደኞቹ እዚያው እንደነበሩ ናቸውና።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1975፣ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሊዘጋ የነበረን የማገገሚያ ቤት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተከራዩት። 'ኦክስፎርድ ሃውስ' የተባለው አሠራር እንዲህ ተጀመረ።

በቤቶቹ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሠራተኛ የለም። ነዋሪዎቹ ኃላፊዎቻቸውን በድምፅ ይመርጣሉ፤ የቤት ኪራዩንና ሌላውን ወጪ ይጋራሉ። ደንቡን ያከበረ ሰው የፈለገውን ያህል ጊዜ መቆየት ይችላል፤ ወደ መጠጥ ወይም ዕፅ የተመለሰ ግን ወዲያውኑ ይሰናበታል።

ደንቡ ጨካኝ ቢመስልም፣ ዓላማው የአንዱ መውደቅ የቀሩትንም ይዞ እንዳይወድቅ መከላከል ነው።