የቤት ግብር ግምትን መመርመርና አቤቱታ ማቅረብ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው የቀለበት መንገድ ላይ ኢምፔሪያል የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በስፍራው ከተሠራው ኢምፔሪያል ሆቴል ነው። በዚህ ሰፈር የቆየ ቤት ያላቸውና ከጡረታ አበል በስተቀር ሌላ ገቢ የሌላቸው አንዲት እናት አሉ እንበል። የአካባቢው ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር የቤታቸው ግምት ከፍ ይላል፤ የጡረታ አበላቸው ግን አብሮ አያድግም። አንድ ቀን ከወረዳው የተሰጣቸው የግብር ማስታወቂያ ከዐምናው እጅግ በልጦ ቢያገኙት ምን ሊያደርጉ ይገባል?

ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ግብሩ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ያስፈልጋል። በተለምዶ «የጣሪያና ግድግዳ ግብር» የሚባለው በ1968 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 የተመሠረተ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ግብሩ የሚታሰበው ቤቱ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለብዙ ዓመታት የቆየውን ግምት በ2015 ዓ.ም. ሲያሻሽል የብዙ ባለቤቶች ክፍያ በአንድ ጊዜ አሻቀበ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ።

አሁን በግብር ላይ የሚነሡትን ሁለት ዓይነት ቅሬታዎች ለይታችሁ ተመልከቱ። አንደኛው «ይህን ጭማሪ ለመጣል ሥልጣን ያለው ማን ነው?» የሚል የሕግ ጥያቄ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተደረገውን ጭማሪ በመቃወም እናት ፓርቲ ወደ ፍርድ ቤት የወሰደው ክርክር ከዚህ ወገን ነው። በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ተደንግጓል። ሁለተኛው «ሕጉ በእኔ ቤት ላይ በትክክል ሠርቷልን?» የሚል የልኬት ጥያቄ ነው። ይህኛውን ማንኛውም ባለቤት ሜትርና ወረቀት ይዞ ሊመረምረው ይችላል።

ለምሳሌ የእኚያ እናት ቤት ስፋት 100 ሜትር ካሬ ነው፤ የአንድ ሜትር ካሬ የዓመት ኪራይ ግምት 600 ብር፣ የግብሩ ምጣኔ 4 በመቶ ነው ብለን እናስብ። የዓመቱ ኪራይ 60,000 ብር፣ ግብሩም 2,400 ብር ይሆናል። በመዝገቡ ላይ ስፋቱ በስሕተት 140 ሜትር ካሬ ተብሎ ከተጻፈ ግን ግብሩ 3,360 ብር ይደርሳል። እንግዲህ በአንድ ቁጥር ስሕተት ምክንያት 960 ብር በየዓመቱ ያላግባብ ይከፈላል ማለት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ሲደርሳችሁ ስፋቱን፣ የቦታውን ደረጃ፣ ቤቱ የተሠራበትን ዕቃና አገልግሎቱን ከይዞታ ማረጋገጫችሁ ጋር አስተያዩ። መኖሪያው «ንግድ ቤት» ተብሎ ተመዝግቦ እንደ ሆነም እዩ። በዚያው መንደር ያለ ተመሳሳይ ቤት ስንት እንደ ተገመተ መጠየቅም ይጠቅማል።

ስሕተት ከተገኘ አቤቱታ በጽሑፍ ይቀርባል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ በመስኮት በኩል የተነገረ ቅሬታ ማስረጃ አይሆንም። የሚከተለውን አርአያ አንብቡ፦

ለ… ወረዳ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የቤት ስፋት ልኬት እንዲታረም ስለ መጠየቅ

በ… ቀን በደረሰኝ የግብር ማስታወቂያ ላይ የቤቴ ስፋት 140 ሜትር ካሬ ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ ጋር አባሪ ያደረግሁት የይዞታ ማረጋገጫ ግን ስፋቱ 100 ሜትር ካሬ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ባለሙያ ተልኮ ቤቱ እንዲለካልኝና ግብሩ በትክክለኛው ስፋት እንዲሰላልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ይህ ማመልከቻ አጭር ቢሆንም ስሕተቱን፣ ማስረጃውንና የሚፈለገውን እርምጃ በየተራ ይገልጻል። «ግብሩ በዛብኝ፤ ኑሮም ከበደኝ» ብቻ የሚል ማመልከቻ ሐዘኔታን ሊያስገኝ ይችል ይሆናል፤ መርማሪው የሚያርመውን ቁጥር ግን አያሳየውም።

በመጨረሻም ጊዜን አትዘንጉ። ለምሳሌ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለቅሬታ የሰጠው ጊዜ ውሳኔው ከደረሰ በኋላ 21 ቀን ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው በደረሰ ዕለት ስለ ይግባኝ ጊዜው ጠይቁ፤ ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር በግልባጩ ላይ አስጽፋችሁ ያዙ። ክርክር አለ ብሎ ግብሩን ጨርሶ መተው ለቅጣት ስለሚያጋልጥ፣ በክርክሩ ጊዜ ምን ያህል መከፈል እንዳለበትም ከጽሕፈት ቤቱ ተረዱ። ከእናንተ መካከል የወላጆቹን ወይም የአያቶቹን ማስታወቂያ አንብቦ የሚያስረዳ አንድ ልጅ ቢገኝ፣ የተማረው ትምህርት ለቤቱ ጠቀመ ማለት ነው።

መልመጃ
1. በጽሑፉ የተጠቀሱትን ሁለት የቅሬታ ዓይነቶች በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።
2. መኖሪያ ቤቱ «ንግድ ቤት» ተብሎ ለተመዘገበበት ሰው ማመልከቻ ጻፉ።