«ዶክተር፣ እነዚያ የባሕር ዳር ሰዎች እኮ ክኒን አይውጡም»



ከወር በፊት አንዲት መምህርት ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ አምስት ይሆናል። ግፊታቸውን ስለካው 190/110። ትንሽ አሳርፌ ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ስልካቸውን ከቦርሳ አውጥተው ቪዲዮ ከፈቱልኝ፦ ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ባሕር፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚሳሳቁ አዛውንቶች። መጨረሻው ላይ የወይራ ዘይት ማስታወቂያ አለ። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ክኒኑን ትተው፣ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው አንድ አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት ሲጠጡ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ርዕስ ላይ ያያችሁትን ያሉኝም ያኔ ነው።

አልተቆጣሁም፤ እኔም እነዚያን ፎቶዎች ሳይ ልቤ ይሄዳል። ቡሌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከዲላ ሽቅብ ሲወጣ ቡናው እየሳሳ፣ እንሰቱና ገብሱ እየበዛ የሚሄድበት ደጋ ነው። ክረምት ላይ ከጭጋጉ የተነሣ ፊት ለፊት ያለው ቤት እንኳ አይታይም። ጃኬት ደርበህ ተረኛ እያለህ አንድ ሰው ከግሪክ ደሴት ፎቶ ሲለጥፍ አለመቅናት ይከብዳል።

ግን እስቲ ነገሩን እንየው። የሜዲትራኒያን ሰዎች ልብ ጤነኛ ነው የሚለው ወሬ ከየት መጣ? አንሴል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 በሰባት አገሮች ትልቅ ጥናት ጀመረ። በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው በጣም ጥቂት ሆኖ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዷ የግሪኳ ቀርጤስ ነበረች። ኪስ ራሱ በደቡብ ኢጣሊያ ፒዮፒ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ለዓመታት ኖረ፣ 100 ዓመትም ደፈነ። በቪዲዮው ላይ የማይታየው ግን፣ ያኔ የተጠኑት የቀርጤስ ወንዶች በብዛት ገበሬዎች መሆናቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ይቆፍራሉ፣ ዳገት ይወጣሉ፣ ባቄላና ቅጠላ ቅጠል ይበላሉ፣ ሥጋ አልፎ አልፎ ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ የሰርዲኒያ ጉዳይ ነው። ሰርዲኒያ የኢጣሊያ ደሴት ናት፣ ባሕሯ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ግን መቶ ዓመት የሞላቸው ሰዎች በብዛት የተገኙት ባሕሩ ዳር ሳይሆን ተራራው ላይ፣ በእረኞች መንደር ነው። ዳገት፣ ብርድ፣ ገብስ፣ ባቄላ። ይህን ሳነብ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁና ሳቄ መጣ።

ሌላም አለ። ባሕሩ ዛሬም እዚያው ነው፣ ፀሐዩም አልቀነሰም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ሕፃናትን ክብደት ሲያወዳድር፣ እንደ ግሪክ፣ ኢጣሊያና ቆጵሮስ ባሉ አገሮች ያሉ ልጆች በውፍረት ከፊት ከሚገኙት ውስጥ ናቸው። የተለወጠው ሳህኑና እግሩ ነው።

የወይራ ዘይት ጥሩ አይደለም እያልኩ አይደለም፤ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ በ2018 ታርሞ የወጣ የስፔን ጥናት አለ፤ ከ7 ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈበት። በሜዲትራኒያን አመጋገብ ላይ የወይራ ዘይት ወይም ለውዝ መሰል ፍሬዎች የተጨመረላቸው ሰዎች፣ ቅባት ቀንሱ ከተባሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የልብ ድካምና ስትሮክ አደጋቸው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ታዲያ ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ግፊት ያለባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ ነበሩ። ዘይቱን የበሉት ከክኒኑ ጋር ነው! ለመምህርቷ ይህን ስነግራቸው «ይሄን ቪዲዮው አላለም» አሉ። አዎ፣ አይልም።

አሁን ወደ ቤታችን። ዩኔስኮ የሜዲትራኒያንን አመጋገብ በ2010፣ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር ደግሞ በ2023 መዝግቧል (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። እንሰት፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ገብስ፣ ዳገት፣ ሶንጎ ላይ አብረው የሚቀመጡ ሽማግሌዎች፤ አብዛኛው ነገር እጃችን ላይ አለ። የቡሌ ሰው መቶ ዓመት ይኖራል ግን አልልም። ካርድ ላይ ዕድሜ ስጠይቅ «በጣልያን ጊዜ እረኛ ነበርኩ» የሚሉኝ አባት አሉ፤ እኔም በግምት 95 ብዬ እጽፋለሁ። ይህ ማስረጃ አይሆንም።

ደግሞ የኛም ጉድለት አለ። ቆጮ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ባቄላ ወይም አተር ካልተጨመረበት በተለይ ለልጆች አይበቃም። ቡናን በጨው የምንጠጣ ቤቶች አለን፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የጨው መጠን ግን ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፣ ነው። ወጡም ቡናውም አንድ ላይ ተደምሮ! የፓልም ዘይቱ ደግሞ በቡሌ ብርድ ጄሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይረጋል። መርጋቱ ብቻውን መመዘኛ አይሁናችሁ፣ የወይራ ዘይትም ፍሪጅ ውስጥ ይደፈርሳል። ልዩነቱ ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚያረጋው የቅባት ዓይነት ሲሆን ከወይራው ሰባት እጅ አንዱ ገደማ መሆኑ ነው። የወይራው ዋጋ የማይቀመስ ከሆነ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይበቃል፤ እሱንም በልክ።

መምህርቷን የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ ወይም የእጅና እግር መዛል እንዳለ ጠየቅኳቸው፤ አልነበረም። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነበር። መድኃኒታቸውን መልሰን ጀመርን። የቡናውን ጨው እንዲተዉ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱም ባጃጁን ትተው በእግር እንዲሄዱ ተስማማን። ዘይቱን ሰላጣ ላይ ይጨርሱት አልኩ፣ ተገዝቷል አይደል።

ትናንት መጡ። 146/90። ገና ነው፣ ግን ወርዷል። «ዳገቱ ጉልበቴን ጨረሰው» አሉኝ እየሳቁ። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ የክኒኑን መያዣ ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ፣ ቆጥሬ አያለሁ።