ማዳም ሠርግ ይዛሽ ስትሄድ፦ የአረብ ሠርግ ሥርዓትና መጠንቀቅ ያለብሽ ነገር

በባህረ ሰላጤው አገሮች ሠርግ የሚበዛው ከዒድ በኋላና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ያን ጊዜ ማዳም «ፊ ዐርስ፣ አንቺም ትሄጃለሽ» ትልሻለች። ለአንዷ እህት ከወራት በኋላ ከቤት የምትወጣበት ቀን ነው፤ ለሌላዋ ደግሞ ልጅ ተሸክማ የምታነጋበት ሌሊት። የሁለቱንም ሥርዓቱን ማወቅ ይጠቅማል። ለእነሱ ተራ የሆነ ነገር አንቺን ፖሊስ ጣቢያ ሊያደርስ ይችላልና።

ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት ማዳምን በግልጽ ጠይቂ፦ የምሄደው ልጆቹን ልይዝ ነው ወይስ እንደ እንግዳ ነው? የት ነው የምቀመጠው? ስንት ሰዓት እንመለሳለን? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሠርጉ እንዴት ነው የሚሄደው?

አዳራሽ ውስጥ የምታዪው ድግስ ጋብቻው የሚታሰርበት አይደለም። ኒካሁ፣ ሳዑዲዎች «ሚልካ» የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ተፈርሟል። ለሙሽራዋ የሚሰጠው መህርም እዚያ ላይ ተጽፏል። ከሠርጉ በፊት በሴቶች መካከል የሂና ሌሊት አለ። የአዳራሹ ድግስ ጋብቻውን ለሰው ማሳወቂያ ነው።

በሳዑዲ፣ በኩዌት፣ በኳታርና በኢማራት ባህላዊ ሠርግ ወንዶችና ሴቶች የሚቀመጡት ለየብቻ ነው። የወንዶቹ ቶሎ ያልቃል፤ የሴቶቹ ያመሻል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ሰው መግባት ይጀምራል፣ ሙሽራዋ እኩለ ሌሊት አካባቢ በሙዚቃ ታጅባ «ኮሻ» ወደሚባለው መድረክ ትወጣለች። በብዙ የሳዑዲ ሠርግ ራት የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በልተሽ ሂጂ፤ ልጅ ከያዝሽም የልጁን ምግብና ቅያሪ ያዢ።

ሴቶቹ በር ላይ አባያቸውን አውልቀው በቀሚስ፣ በወርቅና በተሠራ ፀጉር ይገባሉ። በኋላ ሙሽራው ከአባቱና ከወንድሞቹ ጋር ሊገባ ይችላል። «ዐሪስ መጣ» ሲባል ሁሉም መሸፋፈን ይጀምራል። አንቺም ሻርፕሽንና አባያሽን ከእጅሽ አታርቂ።

ስልክሽን ተዪው

ከሁሉ በላይ ይህን ያዢ። እዚያ ያሉት ሴቶች ፀጉራቸው ተገልጧል። አንዲት ፎቶ ቲክቶክ ላይ ከወጣች ለቤተሰቡ ትልቅ ውርደት ነው። ለዚህ ነው ብዙ አዳራሽ በር ላይ ስልክ የሚሰበሰበው ወይም ካሜራው ላይ የሚለጠፍበት። ሕጉም ከባድ ነው። በሳዑዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን ግላዊ ሕይወት መድፈርን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ያስቀጣል። በኢማራት የ2021 ሕግ ቢያንስ 6 ወር እስራት ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም ቅጣት፣ ወይም ሁለቱንም አስቀምጧል። «ራሴን ነው ያነሳሁት» ብትይም ከኋላሽ ሌላ ሴት ካለች አያድንሽም። ላይቭ መግባትማ ጭራሽ እንዳታስቢው። ስልክሽን ቤት ወይም መኪና ውስጥ ተዪው፤ ይዘሽ ከገባሽም ከቦርሳሽ እንዳይወጣ።

ምን ልልበስ?

ነጭ የሙሽራዋ ቀለም ነው። እንደ እንግዳ ተጠርተሽ የሐበሻ ቀሚስ ለመልበስ ብታስቢ፣ ነጩን ትተሽ ባለቀለም ምረጪ፤ ለማዳምም አስቀድመሽ አሳዪያት። ለሥራ ከሆነ የምትሄጂው የምትሰጥሽን ልብስ ልበሺ፤ ጫማሽ ግን የሚመች ይሁን።

ቡናው፣ እልልታውና ማሻአላህ

የአረብ ቡና ቀለሙ ፈዛዛ ነው፤ ሄል አለበት፤ በትንሽ ሲኒ ከግማሽ በታች ይቀዳል። በቀኝ እጅሽ ተቀበይ። ሲኒውን ዝም ብለሽ ከመለስሽ እንደገና ይቀዳልሻል፤ ሲበቃሽ ትንሽ ነቅነቅ አድርገሽ መልሺ። አሳላፊዋ አንቺ ከሆንሽ ደለህን በግራ፣ ሲኒውን በቀኝ ይዘሽ በዕድሜ ከገፉት ጀምሪ። ከትሪ ሲበላም በቀኝ እጅ፣ ከፊት ለፊት ነው።

እልልታውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እነሱም አላቸው። ሌሎች ሲሉ ብትይ ማንም አይከፋም። ለሙሽራዋና ለእናቷ «አልፍ መብሩክ» በይ። ሙሽራዋን ወይም ሕፃን ስታደንቂ ግን «ማሻአላህ» ሳትይ «ሑልዋ» ብቻ አትበዪ። እኛም አገር የሰው ዓይን ይፈራል፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ሳዑዲ ውስጥ የቤት ሠራተኞች በድግምት የተከሰሱበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የሙሽራዋን ፀጉር፣ ፎቶ ወይም የልብስ ቁራጭ ለመታሰቢያ ብለሽ አታስቀምጪ። ክታብ ይዘሽ አትግቢ።

ወርቅና ብር

በሠርግ ሌሊት ወርቅ ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ቦታ ወድቆ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግን ሠራተኛ ነው። የማታውቂያት ሴት «ቦርሳዬን ያዢልኝ» ካለችሽ በትህትና «ማዳምን ጠይቂልኝ» በይ። ማዳም ራሷ ካስያዘችሽ ውስጡን አብራችሁ እዩ፤ ስትመልሺም እንደዚያው። የወደቀ ነገር ብታገኚ ወዲያው ሰው ፊት ለማዳም ስጪ። ሰው ብር ሲሰጥሽ ደግሞ ማዳም ባለችበት ተቀበይ፤ ከሌለች ያኔውኑ ንገሪያት። የዳንሰኛና የዘፋኞች ብር መሬት ላይ ቢበተን አትልቀሚ፤ ለተቀጠሩት ሴቶች ነው።

ሌሊቱ ሥራ ነው

ልጅ ስትጠብቂ ወይም ስታሳልፊ ያነጋሽው ሌሊት መዝናናት አይደለም። በሳዑዲ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም። የኳታር ሕግም 10 ሰዓት ነው፤ የኩዌቱ እስከ 12። በኢማራት በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት አለሽ፤ ከዚያ 8ቱ ተከታታይ መሆን አለበት። ሕጉና ቤቱ እንደማይገናኙ እናውቃለን። ግን ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን፣ ማዳም ደስ ባላት ሰዓት፣ «ማማ፣ ሌሊት እንሠራለን፣ ቡክራ አና ናም» ብለሽ ቀድመሽ ተነጋገሪ። ከንጋት በኋላ ተቆጥተሽ ከመናገር ይሻላል። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፊ።

ሌላው ችግር ለማዳም እህት ወይም ለዘመድ ሠርግ ለቀናት «መበደር» ነው። በሳዑዲ ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን ለሌላ ሰው ማከራየት አይችልም። ከተላክሽ የቤቱን አድራሻ ለቤተሰብሽ ወይም ለምታምኛት ጓደኛ ላኪ፤ የኢቃማሽን ፎቶ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ከአዳራሽ ስትወጡም ከማታውቂው ሰው መኪና አትግቢ፤ «ማዳም ናት የላከችኝ» ቢልሽም ራሷን ሳታናግሪ አትንቀሳቀሺ።

ቤሩትና አማን ላላችሁ

በሊባኖስና በዮርዳኖስ ብዙ ሠርግ ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ነው። ዘፋው በከበሮ ይገባል፣ ዳብኬ ይጨፈራል፣ መጠጥም ሊኖር ይችላል። የሰከረ እንግዳ ሲያስቸግርሽ ብቻሽን ኩሽና ወይም መኪና ማቆሚያ አትቆዪ፤ ወደ ማዳም ወይም ሴቶች ወዳሉበት ሂጂ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን እንደማያካትት ደግሞ አስታውሺ፤ እዚያ ዋናው መያዣሽ የፈረምሽው ውል ነውና ኮፒው ከእጅሽ አይጥፋ።

ይህን ካወቅሽ በኋላ ደስ ይበልሽ፤ ሠርግ ሠርግ ነው። ሠርግ ለምትጠራ ጓደኛሽም ከመሄዷ በፊት ስለ ስልኩና ስለ ወርቁ ንገሪያት።