ከሰውነት ውጭ ሐሞት የሚያመነጭ ጉበት

ከለጋሽ ሰውነት የወጣ ጉበት ለአሥርተ ዓመታት የተጓዘው በበረዶ ሣጥን ነው። ደሙ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ታጥቦ ይወጣና ጉበቱ ወደ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው የሴሎቹን የኦክስጅን ፍላጎት ቢቀንስም ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ልብ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ይታገሣል፤ ጉበት እስከ 12፤ ኩላሊት ከሁሉም ይሻላል፣ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል።

የቀዘቀዘ ጉበት ደግሞ አይሠራም፤ ካልሠራ ደኅንነቱን ማወቅ ያስቸግራል። ቀዶ ሐኪሙ ስብ የበዛበት ወይም በዕድሜ ከገፋ ለጋሽ የመጣ ጉበት ሲቀርብለት፣ በሽተኛውን አደጋ ላይ ላለመጣል ብሎ ይተወዋል። ከተተዉት መካከል የሚያገለግሉ አይጠፉም ነበር።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪሙ ፒተር ፍሬንድና መሐንዲሱ ኮንስታንቲን ኩሲዮስ የሄዱት በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ጉበቱ በ37 ዲግሪ፣ በሰውነት ሙቀት፣ ሥራውን እንዲቀጥል ማድረግ። ኩባንያቸው ኦርጋንኦክስ የሠራው መሣሪያ «ሜትራ» ይባላል። ከደም ባንክ የተወሰደ ቀይ የደም ሴል በፓምፕ እየተገፋ፣ እየሞቀና ኦክስጅን እየተጨመረበት በጉበቱ ውስጥ ይዞራል። ጉበት ደም የሚያገኘው በሁለት በር፣ ከልብ በሚመጣውና ከአንጀት በሚመጣው የደም ሥር በመሆኑ፣ የሚያስገቡት ቱቦዎችም ሁለት ናቸው። ምግብ፣ ኢንሱሊንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትም ይሰጠዋል። እንዲህ የቆየ ጉበት መጀመሪያ ለሰው የተተከለው በ2013 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ፣ በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር የተገኘው ጊዜ ብቻ አይደለም። ጉበቱ ከመተከሉ በፊት ይፈተናል፦ ላክቲክ አሲዱን ያጠራል ወይ? ሐሞት ያመነጫል ወይ? በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የ220 ንቅለ ተከላዎች ጥናት እንዳሳየው፣ በመሣሪያው የቆዩት ጉበቶች በበረዶ ከቆዩት ይልቅ በግማሽ ያህል ለረዘመ ጊዜ ቢቆዩም ተጥለው የቀሩት በግማሽ ቀንሰዋል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚወጣው አንድ ሰው ልብም ጉበትም ሲያስፈልገው ነው። በዘር በሚተላለፍ አንድ ዓይነት የአሚሎይድ ሕመም፣ ጉበት የሚሠራው የተበላሸ ፕሮቲን ልብ ላይ ይከማቻል፤ ልቡ ብቻ ቢቀየር አሮጌው ጉበት አዲሱንም ሊያጠቃ ይችላል። መጠበቅ የማይችለው ልብ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ይቀድማል። ያን ሁሉ ሰዓት ጉበቱ በረዶ ላይ ይከርም ነበር፤ ሐኪሞቹም አዲሱ ልብ ሳይረጋጋ ወደ ሆድ ይቸኩሉ ነበር። መሣሪያው ካለ ደሙ እስኪቆም፣ ግፊቱ እስኪስተካከል መጠበቅ ይቻላል። የቀዘቀዘ ጉበት ደም ሲመለስለት የሚለቀው ፖታሲየምና አሲድም ገና የተተከለውን ልብ ይመታል፤ በመሣሪያው የቆየው ላይ ይህ ይቀንሳል። (የሚገርመው፣ ሊተከል ሲል ለጥቂት ጊዜ መልሶ መቀዝቀዙ ነው።)

በዙሪክ ያሉ ሐኪሞች ከዚያም ርቀው ሄደዋል፤ ሌሎች ማዕከላት ያልተቀበሉትን ጉበት ሦስት ቀን በማሽን አቆይተው፣ አክመውም፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ለበሽተኛ ተክለዋል።

ይህ ሁሉ ግን ውድ ነው፤ ደምና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። የበረዶ ሣጥን አይበላሽም፤ ፓምፑ መንገድ ላይ ቢቆም ግን የሞቀው ጉበት ኦክስጅን አጥቶ ቶሎ ይጎዳል፤ ያኔ የቀረው መላ ፈጥኖ ማቀዝቀዝ ነው።